ሐዋሳ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሐኪም ያስፈልጋታል?

በሐዋሳ ፒያሳ ወይም በመናኸሪያው አካባቢ የሚመላለስ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በጎንና በጎኑ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ያለበት ባነር የተወጠረበት መኪና ቀስ ብሎ ያልፋል። ከድምፅ ማጉያው «ወገኖቻችን፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» የሚል ልመና ይሰማል። ከፎቶው ሥር የሐኪም ማስረጃው፣ የባንክ ሒሳቡ ቁጥርና የተጠየቀው ገንዘብ ተጽፏል። የሰፈሩ ልጆች ካርቶን ይዘው በየሱቁ ይዞራሉ፣ ባጃጅ ያስቆማሉ። ሰውም ይሰጣል፤ ያለው መቶ፣ የሌለው አሥር ብር። ባነሩ ላይ የሚነበበው የሕክምና አገር አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ነው፤ አንዳንዴም ቱርክ።

የወገን ደራሽነቱ የሚያኮራ ነው። የሚያሳዝነው ግን ሕክምናው እዚሁ አገር ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረው እንኳ ሕመምተኛው ገና ባሕር ማዶ ማማተሩን አለመተዉ ነው። የዛሬው ሐተታዬ ስለ ንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪም ነው። እንዴት ይሠለጥናል? ምን ይስበዋል? ሙያው ወዴት እየሄደ ነው? ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሐዋሳን የመሰለች ከተማ ይህን ባለሙያ ለማፍራት ከየት ትጀምር?

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ማዕከሉ የቆመው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሲሆን፣ ሁለቱን ተቋማት ያገናኙት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ፕሮፌሰር ሰናይት ፍስሐ ናቸው። ትብብሩ አስቀድሞ በማህፀንና ጽንስ ትምህርት ተጀምሮ፣ እየሰፋ ሄዶ ነው ኩላሊት ላይ የደረሰው። የሚሺጋኑ ቀዶ ሐኪም ጄፍሪ ፓንችና ባልደረቦቻቸው እየተመላለሱ ከኢትዮጵያውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ጎን ቆመው ሠርተዋል፣ አስተምረዋል። በኩላሊት ሕክምናው በኩል ከቀዳሚዎቹ አንዷ ዶክተር ሞሚና አህመድ ናቸው። ያኔ ከውጭ የመጡት ሐኪሞች ጥቂት ሰው አክመው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚመለሱ አልነበሩም። ሙያውን ለአገሬው ሰው አስረክቦ መውጣት ከመጀመሪያው የታሰበበት ነገር ነበር። ለእኔ የዚያ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ይሁንና የአንድ ማዕከል አቅም ውስን ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም ሲገባ ንቅለ ተከላው ተቋረጠ፤ ተራ ሲጠብቅ የነበረውም ሕመምተኛ በማሽን የኩላሊት እጥበት ላይ ቀረ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር አንድ በር ሲዘጋ የሚንኳኳ ሌላ በር ሊኖር ይገባል። ስለዚህ በርዕሱ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ አዎ፣ ያስፈልጋታል ነው። የምከራከረው በመንገዱ ላይ ነው። ሕንፃ ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ «የንቅለ ተከላ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ መጀመር አይጠቅምም። መጀመር ያለበት ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው።

ይህ እጅ ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንመልከት። ብዙ ሰው የታመሙት ኩላሊቶች ወጥተው አዲሱ በእነሱ ቦታ የሚገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የታመሙት አይነኩም። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ወደ ታች ወረድ ብሎ ከዳሌ አጥንቱ ሥር፣ ብሽሽት አካባቢ ነው። ከለጋሹ የግራው ኩላሊት ይመረጣል፤ የደም መልሱ ሥር ረዘም ስለሚል ለመስፋት ይመቻል። ኩላሊቱ እንደወጣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይታጠብና ደሙ ተጠርጎ ሲወጣ ቀለሙ ይገረጣል። ከዚያም በበረዶ ተከቦ ተቀባዩ ወደተኛበት ክፍል ይሻገራል። ሐኪሙ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ፣ ከፀጉር እምብዛም በማይወፍር ክር ደም መልሱን ከደም መልስ፣ ደም ቅዳውን ከደም ቅዳ ይገጥማል። ስፌቱ ከጠበቀ ሥሩ ይጠባል፤ ከላላ ይደማል፤ የውስጠኛውን ሽፋን ከሳተ ደም ይረጋል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ የገረጣው ኩላሊት ዓይን እያየ ሮዝ ይሆናል። ከሕያው ለጋሽ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሽንት ያወጣል። ይህን ቅጽበት ያዩ ወጣት ሐኪሞች ወደዚህ ሙያ ቢሳቡ አይገርመኝም።

ይህ ስፌት ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ላይ በስለት ተወግተው ወደ ጉበት የሚሄደው ትልቅ የደም ሥራቸው ተቆረጠ። ሐኪሞች ነበሩ፤ የተቆረጠ ሥር መስፋት የሚችል ግን አልነበረም፤ ሞቱ። በዚያው ከተማ ይማር የነበረው አሌክሲስ ካሬል ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። ወደ አንዲት የሊዮን ጥልፍ ባለሙያ ሄዶ በቀጭን መርፌና ክር መሥራት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የደም ሥር አገጣጠም ዘዴውን ይፋ አደረገ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የአካል ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በዚህ ዘዴ ላይ ነው። ቦስተን ላይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ከመንትያ ወንድም ለመንትያ ወንድም የተሳካውን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉት ጆሴፍ መሪም ከጦርነት ሕክምና የመጡ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠሉ ወታደሮችን ቆዳ ሲተክሉ፣ ሰውነት የባዕድ ቆዳን ለምን እንደሚገፋ መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄያቸው እስከ ኩላሊት ወሰዳቸው፤ እሳቸውም በ1990 ኖቤል ተሸለሙ። ሁለቱም ሰዎች ከፊታቸው ከነበረው፣ ከዕለት ተዕለቱ ቁስል ነው የተነሡት።

ወደ ሐዋሳ ልመለስ። ሰው ሁሉ «ሪፈራል» እያለ የሚጠራው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂና ከምዕራብ አርሲ የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅና መቀመጫውን አሩሻ ያደረገው የምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በጋራ የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ማዕከል ያቋቋሙት እዚሁ ነው። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው መምህራን ቀዶ ሐኪሞችን በተራ ይልካሉ። የዚህ ሥራ ዋና አንቀሳቃሽ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ግርማ ተፈራ ናቸው። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

የንቅለ ተከላ ሐኪም ለመሆን መንገዱ ረጅም ነው። ተማሪው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሕክምና ይማራል፤ እንደ ጠቅላላ ሐኪም ያገለግላል፤ ቀዶ ሕክምና በስፔሻሊቲ ይማራል፤ ከዚያ በላይ ንቅለ ተከላን በሰብ ስፔሻሊቲ ይጨምራል። ሁሉም በወግ ቢሄድለት ከ12 ዓመት በታች አይፈጅም። ይህን ሁሉ ደክሞ የተመለሰ ሐኪም ከተማው ውስጥ የሚሰፋው የደም ሥር በዓመት ጥቂት ብቻ ከሆነ እጁ ይደርቃል። እጁ የደረቀ ቀዶ ሐኪም ወይ ሌላ ሥራ ይይዛል ወይ አገር ይለቃል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አደባባይ መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለሐኪሙ የሚበላውን፣ የሚሠራበትንም ሳያዘጋጁ ማሠልጠን ለባሕር ማዶ ማሠልጠን ነው።

ታዲያ እጁ ሳይደርቅ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ሐዋሳ ውስጥ አለ? ሞልቷል። የሚጀምረውም ከእጅ አንጓ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መዋል አለበት፤ በገንዘብ እጦት በሁለት የሚወሰነው ብዙ ነው። ደሙ ወደ ማሽኑ የሚገባበትና የሚመለስበት በር ያስፈልገዋል። አስተማማኙ በር ፊስቱላ የሚባለው ነው። ይርጋለም ያለው የሐምሊን ማዕከል ከሚያክመው የወሊድ ፊስቱላ ጋር ግንኙነት የለውም። ይኸኛው ቀዶ ሐኪሙ ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስን ሆነ ብሎ የሚያገናኝበት አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ከሳምንታት በኋላ ሥሩ ይደነድናል፣ መርፌ ይችላል፣ ለዓመታት ያገለግላል። ይህ ያልተሠራለት ሕመምተኛ አንገቱ ሥር በሚገባ ካቴተር በተባለ ቱቦ ይታጠባል። ካቴተሩ ይመረቅዛል፣ ይደፈናል፣ ይቀየራል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሲገባ ደግሞ ኩላሊቱ ያልገደለውን ሰው ይገድላል።

እንግዲህ አንጓ ላይ ደም ቅዳን ከደም መልስ የሚሰፋው እጅና አዲስ ኩላሊት የሚገጥመው እጅ አንድ ነው። ክሩም፣ መርፌውም፣ ጥንቃቄውም ያው ነው። ይኸው እጅ በሞተር ሳይክል አደጋ ሥሩ የተቆረጠ እግር ሳይቆረጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ በስለት ተወግቶ የመጣውን ከሞት ያተርፋል። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ክፍል ለሐዋሳ ቅንጦት አይደለም። ንቅለ ተከላው ዘንድሮ ባይጀመር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ቢጀመር፣ ለክፍሉ የወጣው ብር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕይወት ሲያድን ይቆያል። ሕንፃው ይቅደም ለሚሉ ወገኖች የማቀርበው መከራከሪያ ይህ ነው።

ከእጁ ቀጥሎ የሚመጣው ለጋሹ ነው፤ ጉዳዩ ከሁሉ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። እስካሁን በአገራችን የሚተከለው ኩላሊት የሚገኘው ከሕያው ሰው፣ ያውም ከዘመድ ነው። ሕጉ የሰውነት ክፍል መሸጥና መግዛትን ይከለክላል። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ኤልዶሬት ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የኩላሊት ንግድ ክስ ኬንያን ምን ያህል እንዳናወጠ አይተናል፤ ኩላሊታቸውን ሸጡ የተባሉት ድሆች ወጣቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ለጋሹ ዘመድ በመሆኑ ብቻ ነገሩ ከጭንቀት ነፃ አይሆንም። ቤተሰብ ተሰብስቦ «አንተ ወንድሙ አይደለህም እንዴ?» ሲል እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በሌሎች አገሮች እንደታየው ከወንድ ይልቅ ሴት ትለግሳለች፤ እናት፣ እህት፣ ሚስት። እኛ ዘንድ «አይሆንም» የማለት አቅሟ ከማን ያንሳል? መልሱን አንባቢ አያጣውም።

ጥሩ የንቅለ ተከላ ቡድን ለዚህ መላ አለው። ለጋሹን የሚመረምረው ሐኪም ተቀባዩን ከሚያክመው ይለያል። ለጋሹ ቤተሰቡ በሌለበት ለብቻው ይጠየቃል፤ ሐሳቡን በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ መቀየር እንደሚችል ይነገረዋል። ካልፈለገ ቡድኑ ለቤተሰቡ የሚናገረው «ለመለገስ አይበቃም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ከሐኪሙና ከእሱ አያልፍም። ዝምድናው ሳይበጠስ፣ ሰውየውም ሳይገደድ ይቀራል። በሲዳማ ትልቅ ነገር በአፊኒ ሥርዓት ተሰምቶ፣ ተመክሮበት ነው የሚወሰነው። ሽማግሌዎቹም፣ የሃይማኖት አባቶቹም በዚህ ጉዳይ ከወዲሁ ቢማከሩበት፣ ነገ ከሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ለጋሽ ነፃ ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ቀዶ ሐኪም ሲሠለጥን ከስፌቱ እኩል መማር ያለበት ይህን ይመስለኛል። ጤነኛን ሰው ለሌላ ሰው ሲል የሚቀድ ሌላ የሕክምና ዘርፍ የለምና።

ለጋሾችን በተመለከተ አንድ ደስ የሚል ግኝትም አለ። በምዕራብ አፍሪካውያንና በዘር ሐረጋቸው ከዚያ በመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ለኩላሊት ድክመት የሚያጋልጥ የአፖኤልዋን ዘረ መል ዓይነት በብዛት ይገኛል፤ ለጋሾቻቸውንም ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እስራኤል ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት ግን ይህ አጋላጭ ዘረ መል በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ አለመገኘቱን አሳይቷል። ይህ ማለት ለጋሽ አይመረመርም ማለት አይደለም። የሌላ አገር መመሪያ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ የራሳችንን ሰው ማጥናት እንዳለብን ግን ይመሰክራል።

ከተከላ በኋላ ያለው ኑሮ በየመድረኩ ብዙም አይወራለትም። ተቀባዩ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ይወስዳል። ከዋነኞቹ አንዱ ታክሮሊመስ የሚባለው ሲሆን በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ካነሰ ኩላሊቱ ይገፋል፤ ከበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ መጠኑ ይለካል። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ደግሞ ደሙ የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ሲቀዳ ነው። አዲስ አበባ ታክሞ ሐዋሳ የሚኖር ሰው እንግዲህ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ወይ ዋዜማውን አልጋ ይዞ አድሮ፣ ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ላቦራቶሪ ደጃፍ ይሰለፋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ድካም ማስቀረት ይቻላል። ለዚህ ምርመራ የሚቀዳ ደም በማቀዝቀዣ ከቆየ ለቀናት አይበላሽም። ናሙናው ይጓዝ፤ ሰውየው ቤቱ ይዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው በረዶ ሣጥን፣ የሚያደርስ ሰውና ውጤቱን በስልክ የሚነጋገሩ ሁለት ሐኪሞች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ መጥቀስ ግድ ይላል። የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን የተለመደ ነው። ለእሱ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወጣል። ተቀባዩ ሳል ይዞት በቅርቡ ያለ ጤና ጣቢያ ቢሄድና ሐኪሙ ሳያውቅ ነቀርሳውን ብቻ ማከም ቢጀምር፣ በሳምንታት ውስጥ እህት ወይም እናት የሰጠችው ኩላሊት ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው የክትትል ክሊኒክ በየክልሉ ከተማ መኖር ያለበት። ኩላሊት የሚተክል ቀዶ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት፣ የተተከለን ኩላሊት የሚጠብቅ ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት ሐዋሳ ውስጥ ሊኖሩ ይገባል።

ስለ ሙያው ተስፋ ሲነሣ ዓለም የሚያወራው ስለ አሳማ ኩላሊት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቦስተን ላይ ዘረ መሉ የተስተካከለ የአሳማ ኩላሊት ለአንድ ሕያው ሰው ተተከለ፤ ሰውየው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቢያርፍም ሙከራው ቀጥሏል። ለእኛ የቀረበው ተስፋ ግን ሌላ፣ ከሞተ ሰው የሚለገስ ኩላሊት ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ከሞቱ ሰዎች የዓይን ብሌን እየሰበሰበ የብዙዎችን ብርሃን መልሷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። «የእኛ ሕዝብ ከሬሳ ላይ ምንም አያስነካም» የሚለው አባባል ልክ አለመሆኑን የባንኩ ለጋሾች በተግባር አሳይተዋል። የኩላሊት ነገር ከዓይን ይከብዳል፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የአንጎል ሞትን በእርግጠኝነት የሚያረጋግጡ ሐኪሞች፣ በየሰዓቱ ዝግጁ የሆነ ላቦራቶሪና ጥርት ያለ ሕግ ይፈልጋል። ነገር ግን በበረዶ የተጠበቀ ኩላሊት ከ24 ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሐዋሳ ቡድን ያወጣው ኩላሊት በመኪናም በአውሮፕላንም አዲስ አበባ ሊደርስ ከበቂ በላይ ጊዜ አለው። ሐዋሳ ራሷ ንቅለ ተከላ ሳትጀምር እንኳ ለአገሪቱ የምታበረክተው ድርሻ ይኖራታል።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮና ጤና ሚኒስቴር ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ሲዘጋጁ ሦስት ነገር እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ፤ ለእጥበት ሕመምተኞች ፊስቱላ የሚሠራ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው የክትትል ክሊኒክ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር የናሙናና የመረጃ ልውውጥ። በሥልጠና ላይ ካሉት ወጣት ቀዶ ሐኪሞችም አንድ ሁለቱን መርጠው፣ ተመልሰው የሚሠሩበትን ክፍልና የሚኖሩበትን ደመወዝ አስቀድመው አዘጋጅተው ለንቅለ ተከላ ትምህርት ይላኩ። አንባቢዬም ግፊት ወይም ስኳር ካለብህ፣ ካለብሽ፣ የኩላሊት ምርመራ በዓመት አንዴ ማድረግ አይዘንጋ፤ በቅርብ ባለ ሆስፒታል የደምና የሽንት ናሙና ሰጥቶ የሚታወቅ ነገር ነው።